ፍልሰታን በስዊድን ተራራ፦ ሴቶች ብቻ የሚሄዱበት የሰባት ቀን የእግር ጉዞ

የመንዝ እግር (ጠያቂ) — ግንቦት 9

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ይረዝማል፤ እስከ መጨረሻው የምታነቡኝን ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ዕድሜዬ 43። ሥራዬ ጤና ኤክስቴንሽን ነው፤ ባሶና ወራና ውስጥ ባለች አንዲት ቀበሌ 17 ዓመት ከቤት ቤት ስዞር ኖሬአለሁ። ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ሽንት ቤት አስቆፍሩ እያልኩ፣ ክረምት ከበጋ። ስለዚህ መሄድ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም።

ታናሽ እህቴ ስዊድን ከገባች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ሌሊትም ትሠራለች። ዘንድሮ "ነሐሴ ላይ ነይ፣ ሁሉንም ከፍያለሁ" አለችኝ። ከተማ ልታሳየኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ያስመዘገበችኝ የእግር ጉዞ ላይ ነው፤ እሷም አብራኝ ትሄዳለች። ሰሜን ስዊድን ውስጥ አቢስኮ ከሚባል ቦታ ተነሥቶ ኒካሉኦክታ እስከሚባል መንደር፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ በሰባት ቀን። ማደሪያው በየመንገዱ ተራራው ላይ የተሠሩ ጎጆዎች ናቸው፤ ጠዋት ካንዱ ተነሥተሽ ማታ ሌላው ትደርሻለሽ። ተጓዦቹ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፣ መሪዋም ሴት ናት። ወንድ የለም። መንገዱን ኩንግስሌደን ይሉታል፤ የንጉሥ መንገድ ማለት ነው አለችኝ።

ጥያቄዎቼን በተራ ልጽፍ ብዬ ነበር፣ እየተደባለቁብኝ ነው። እንደመጡልኝ ላስቀምጣቸው።

መጀመሪያ ጾሙ። ጉዞው ከነሐሴ 3 እስከ 9 ነው፣ ፍልሰታ መሐል ላይ። ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ አፍርሼ አላውቅም። ቅዳሴው እንደሚቀርብኝ አውቄ አዝኛለሁ፤ ውዳሴ ማርያሜን እየሄድኩ እደግማለሁ። የምጨነቀው ለምግቡ ነው። ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ሰባት ቀን ተራራ ላይ ምን ይበላል? ደግሞስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ 20 ኪሎ ሜትር እችላለሁ ወይ? እዚህ ያለ ሸክም እችለዋለሁ። እዚያ ግን ስንቄም ልብሴም በጀርባዬ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። ብርድ አልፈራም። በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲነጋ ያደግሁ ሰው ነኝ። የምፈራው ወንዝ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከገበያ ስንመለስ ሞፈር ውሃ ሞልቶ አንዲት ጎረቤታችንን ከነአህያዋ ሲወስዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። እዚያ ወንዙ ድልድይ አለው?

ሌላው የባለቤቴ ጥያቄ ነው። አልከለከለኝም፤ እንዲያውም ጫማ ግዢ ብሎ ብር የሰጠኝ እሱ ነው። ግን "ሴቶች ብቻ ሆናችሁ አንዳችሁ ብትታመሙ ማን ይሸከማችኋል?" አለኝ። በእኛ አገር ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ የሚያወርዱት ወንዶች ናቸው፤ እኔም ከኋላ ከኋላቸው ስሮጥ ኖሬአለሁ። መልስ አጣሁለት።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍ፤ እዚህ ማን መሆኔን የሚያውቅ የለም። እህቴን "ለምን ሴት ብቻ?" ብላት "ነይና እዪው" ከማለት በቀር አልመለሰችልኝም። እኔ በ17 ዓመት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ወደ ኋላዬ ሳልገላመጥ የጨረስኩት መንገድ የለም። ለውሻ ዱላ አለኝ። ለሰው ግን ምን እይዛለሁ? ከስድስት ዓመት በፊት ከአንድ ጎጥ ወደ ሌላው ስሻገር ገደሉ ሥር አንድ የማላውቀው ሰው ይከተለኝ ጀመር። ስፈጥን ፈጠነ፣ ስቆም ቆመ። ቫክሲን ካሪየሩን ጥዬ ሮጥኩ። አንዲት አሮጊት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ሳጥኑን በማግስቱ እረኞች አመጡልኝ፤ አይስ ፓኩ ቀልጦ ክትባቱ ተበላሽቷል። ለኃላፊዬ "አዳልጦኝ ወደቅሁ" አልኩት። ለባለቤቴም ያንኑ። የዚያን ዕለት 14 ሕፃናት ሳይከተቡ ዋሉ። ቁጥሩ ከሐሳቤ አይጠፋም።

እና የምጠይቀው ይህን ነው። ሴቶች ብቻ ሲሆኑ ልዩነት አለው? መገላመጡ ይተዋል? የሄደች ካለች እውነቱን ንገሪኝ።

ጣርማ በር — ግንቦት 10

እህቴ፣ ጽሑፍሽን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እያነበብኩ መውረጃዬን አለፍኩት።

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ሰሜን ስዊድን፣ ሉሌዮ ከተማ ነው። ይህንኑ መንገድ ካቻምና በነሐሴ ከሴቶች ቡድን ጋር ሄጄዋለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር፣ ወንዱም ሴቱም ተቀላቅሎ። ሁለቱንም ስላየሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከወንዙ ልጀምር፣ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳሽ። ትልልቆቹ ወንዞች ድልድይ አላቸው። አብዛኛው በሽቦ የተንጠለጠለ ነው፤ ስትረግጪው ይወዛወዛል፣ ተራ በተራ ነው የሚታለፈው። ረግረጉ ላይ ጣውላ ተዘርግቷል፤ ሲዘንብ ያዳልጣል፣ እግርሽን ቀስ አድርገሽ አሳርፊ። ድልድይ የሌላቸው ትንንሽ ጅረቶች አሉ፤ ድንጋይ ለድንጋይ ታልፊያቸዋለሽ፣ ብዙ ከዘነበ ግን ጫማ አውልቆ መግባት ሊመጣ ይችላል። መሪያችን ያስተማረችን ውሃ ከመግባታችን በፊት የሻንጣውን የወገብና የደረት ማሰሪያ እንድንፈታ ነው። ብትወድቂ ሻንጣውን ጥለሽ መነሣት አለብሽ፤ ከታሰረብሽ እሱ ይዞሽ ይሄዳል። በበትር ተደግፈሽ ፊትሽን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረሽ ነው የምትሻገሪው። ስለ ሞፈር ውሃ ለመሪዋ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት። አትፈሪ። እኛ ዘንድ አንዷ ገደል እንደምትፈራ ተናግራ ነበር፣ መሪዋ ቼክትያ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ሙሉውን መንገድ ከፊቷ አልራቀችም።

መንገዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን አቢስኮያውሬ ድረስ 15 ኪሎ ሜትር፣ በአቢስኮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በአጫጭር ዛፎች ጫካ። ፓርኩ በ1909 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ቀላል ቀን ነው፤ ጫማሽ የሚፈትንሽ ግን ያን ዕለት ነው። ሁለተኛው ቀን አሌስያውሬ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ ይህ ነው። ዛፍ እዚያ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጓሳ ሜዳ ላይ የቆምሽ ይመስልሻል፤ ሣር፣ ድንጋይ፣ ነፋስ፣ ሐይቅ። ሦስተኛው ቀን ቼክትያ፣ 13። በማግስቱ መተላለፊያውን ትወጫለሽ፣ የመንገዱ ከፍተኛው ቦታ እሱ ነው፣ 1,140 ሜትር ገደማ። መውጣቱ ምንም አይደለም፣ ድንጋዩ ነው የሚያደክመው፤ ቋጥኝ ለቋጥኝ ስትረግጪ ጉልበት ይፈታል። ከላይ ሆነሽ የአራተኛው ቀን ማደሪያ ወደሆነው ወደ ሴልካ የሚወርደውን ሸለቆ ስታዪ ግን ሻንጣሽን አውርደሽ ትቀመጫለሽ። ማንም ሳይቀመጥ አያልፍም። ከሴልካ ሲንጊ 12፣ ከሲንጊ የከብነካይሴ ጣቢያ 14፣ ከዚያ መጨረሻው ኒካሉኦክታ 19። የመጨረሻው ቀን ሐይቅ ላይ ጀልባ አለ፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንስልሻል።

ጎጆዎቹን ልንገርሽ፣ አንቺ ትወጃቸዋለሽና። መብራት የለም፤ ቧንቧ የለም። ውሃ ከጅረት በባልዲ ትቀጃለሽ፣ ሳይፈላ ይጠጣል። እንጨት ከማከማቻው አውጥተሽ ትፈልጫለሽ። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። የታጠበበት ውሃ የሚደፋበት የተለየ ቦታ አለው፤ ጅረቱ አጠገብ አይደፋም (የጤና ኤክስቴንሽን ሰው ይህን ስታይ ምን እንደምትይ ገመትኩ)። አልጋው ተደራራቢ ነው፣ ብርድ ልብስና ትራስ አለ፤ አንሶላ ግን የራስሽን ትይዣለሽ፣ እንደ ከረጢት የተሰፋ። ሁለት ነጠላ አንሶላ አስፊ፣ ይበቃል። ጠዋት ስትወጪ ወለሉን ጠርገሽ፣ ለሚመጣው ሰው ውሃውን ሞልተሽ፣ እንጨቱን ፈልጠሽ ነው የምትሄጂው። የማታውቂው ሰው ለአንቺ ሞልቶልሽ ሄዷል፣ አንቺም ለማታውቂው ትሞያለሽ። የመጀመሪያው ማታ ባልዲ ይዤ ጅረት ስወርድ እናቴን አሰብኩ። እናቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ቁጭ በይ ያላት ሰው አልነበረም። እዚያ ስመለስ ሻይ ቀድተው ጠበቁኝ።

ለጾሙ ምዝገባው ላይ ቪጋን ብለሽ ጻፊ፤ የኛን ጾም በዚያ ቃል ይረዱታል። እህል በቡድን ይገዛል፣ ተካፍለሽ ትሸከሚያለሽ። አንዳንዶቹ ጎጆዎች ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ደረቅ ብስኩት። ግን እኔ የምልሽ ከአገርሽ በሶ ይዘሽ ነይ። ሦስት ኪሎ። እሳት አይፈልግም፣ በጅረት ውሃ በጥብጠሽ ትጠጪዋለሽ። የእኔ በሶ በአራተኛው ቀን አለቀ፤ የጨረሱት እነሱ ናቸው። ሽሮም ያዢ፣ በርበሬ ያለበት። ቋንጣም ሆነ ቅቤ ግን እንዳትሞክሪ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ይዞ መግባት በአውሮፓ ኅብረት ክልክል ነው፣ አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱብሻል።

ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው። ስልክ በአብዛኛው መንገድ አይሠራም። ጎጆዎቹ ላይ ግን የአደጋ ስልክ አለ፣ መሪዋም የራሷ መገናኛ ነበራት። የተራራ ነፍስ አድን ሥራ በስዊድን የፖሊስ ኃላፊነት ነው፤ ሰው ክፉኛ ከተጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ሄሊኮፕተር ይመጣል እንጂ በሸክም አይወርድም። ወንድ ኖረም አልኖረም። ለቪዛው የምትገዢው ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ እሱን ስትገዢ በተራራ ላይ የእግር ጉዞንም ይሸፍን እንደሆነ ጽሑፉን አስነብቢ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስሄድ ካርታው ከሁለት ወንዶች እጅ ወጥቶ አያውቅም። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን እነሱ ቀደሙ፣ እኛ ተከተልን፤ ስንደርስባቸው አርፈው ጨርሰዋል፣ ይነሣሉ፣ እኛ ሳናርፍ እንቀጥላለን። አምስት ቀን እንዲሁ። በሴቶቹ ጉዞ መሪያችን በየቀኑ ካርታውን ለሌላ ሴት ትሰጥ ነበር። የእኔ ቀን ከቼክትያ ወደ ሴልካ የወረድንበት ነበር። ከሁሉ ፊት ብቻዬን ሩብ ሰዓት ያህል ሄድኩ። ከኋላዬ ድንጋይ ላይ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። አልዞርኩም። አለመዞሬን ያወቅሁት ማታ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሳስበው ነው።

የጓሳ ልጅ — ግንቦት 10

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ጓሳ ላይ እንግዳ እመራለሁ።

ስለ ከፍታው አትስጊ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። በስካንዲኔቪያ ረጅሙ ተራራ ጋልድሆፒገን ነው፣ ኖርዌይ ውስጥ፣ 2,469 ሜትር። የስዊድኑ ከብነካይሴ ደግሞ 2,100 ገደማ። አንቺ ቡና የምታፈይበት ቤት ከሁለቱም ጫፍ ይበልጣል። ሳንባሽ አያስቸግርሽም። ጓሳ ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የማወጣቸው ፈረንጆች የሚያለከልኩት እነሱ ናቸው፣ እነሱ አገር ግን አንቺ እንደ ዋልያ ነው የምትሄጂው።

የዚያ አገር ብርድ ከከፍታ አይደለም የሚመጣው፣ ከሰሜንነቱ ነው። እና እርጥብ ነው። የእኛ ውርጭ ደረቅ ስለሆነ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅሻል፣ የእነሱ ነፋስ ከዝናብ ጋር ቀኑን ሙሉ አብሮሽ ይውላል። ነሐሴ ላይም መተላለፊያው ላይ በረዶ ሊጥል እንደሚችል አንዲት ኖርዌጂያዊት እንግዳዬ አጫውታኛለች። ስለዚህ ከገላሽ ላይ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ከራሰ አይደርቅም። ሱፍ ግን ረጥቦም ይሞቃል። ይህን ለመንዝ ሰው መንገር ነውር ነው፤ አባቶቻችን በርኖስ ደርበው፣ ባና ለብሰው የኖሩት ለዚሁ ነው። ከውስጥ ቀጭን የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ልብስ። ሱሪ ካልለመድሽ ሱሪ ላይ ቀሚስ ደርቢበት፤ ቁልቁለት ላይ እንዳይጠልፍሽ ብቻ አጠር ይበል።

ልምምዱን አሁን ጀምሪ። እግርሽ ለምዷል፣ ጀርባሽና ጉልበትሽ ነው ያልለመደው። 10 ኪሎ ገብስ ሻንጣ ውስጥ ከተሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ ውጪ። ቁልቁለት ፈልጊ፣ ጉልበት የሚጠነክረው ቁልቁለት ላይ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ከሰው ጋር ሆነሽ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና መውረድ ይበቃል። አዲሱን ጫማ ደግሞ ሥራ ላይ አድርጊው። እዚህ ውሃ የቋጠረ እግር ቤት ገብቶ ያርፋል፣ እዚያ ማረፊያ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አጋዘን መሳይ ቀንዳም ከብቶች ታያለሽ፣ ሬንዲር ይሏቸዋል። የዱር አይደሉም፣ የዚያ አገር ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚዎች ከብቶች ናቸው፤ ባለቤት አላቸው፣ ግጦሹም ሥርዓት አለው። ስታዪ ቁሚ፣ አሳልፊያቸው። ጓሳን አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የግጦሽ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ እየከፈቱ እንዳቆዩት አንቺ ታውቂያለሽ፤ የእነሱንም በዚያ ዓይን እዪው። ከተመለስሽ በኋላ ደግሞ ብታገኚኝ ደስ ይለኛል። ጓሳ ላይ ሣር የሚያጭዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው፣ መንገዱን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እንግዳ መርታ የምትበላ ሴት ግን እስከ ዛሬ አብራኝ ሠርታ አታውቅም።

ቀይት — ግንቦት 11

ይቅርታ፣ ይሄ ገንዘብ ሁለት የወተት ላም ይገዛል። ደግሞ ባለትዳር ሴት ባሏን ጥላ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር ተራራ ላይ ሰባት ሌሊት ማደር ለእኛ ባህል አይሆንም።

የሥላሴ ሰፈር — ግንቦት 11

ልጄ ቀይት፣ ባህል ብለሃልና እኔ ልናገር። 66 ዓመቴ ነው።

እኛ ጻድቃኔ ማርያም በእግር ስንሄድ ሰባት ስምንት ሴት ሆነን ነበር። ባሎቻችን ከብት ይጠብቃሉ፣ አዝመራ ይጠብቃሉ፤ እኛ ስንቃችንን በአንቀልባ ይዘን እንወጣለን። ሲመሽ ያገኘነው ቤት ደጃፍ ቆመን "የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ" እንላለን፤ ግቡ ይሉናል፣ እግራችንን ያጥቡናል፣ መደብ ላይ እናድራለን። ጠዋት ቤቱን ጠርገን፣ ውሃውን ቀድተን ነው የምንወጣው። ሉሌዮ ያለችው ልጅ የጻፈችውን ሳነብ እሱው ነው አልኩ። ወንድ አብሮን ቢሆን ኖሮ ማን ምጥ እንደያዛት፣ ማን ልጅ እንደሞተባት፣ ማን ቤት ምን እንዳለ እንነጋገር ነበር? መንገዱ ላይ ነው ያለቀስነው፣ ሥዕሏ ፊት ስንደርስ እንባችን አልቆ ነበር። እና ባህላችን ነው።

አንቺ ልጄ፣ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። መንገደኛና ደካማ ምን ማድረግ እንዳለበት እሳቸው ያውቃሉ፣ በራስሽ አትወስኚ፤ ሰዓቱን ቢያላሉልሽ እሺ በይ። ባዶ ሆድሽን ወድቀሽ ሌሎቹን አታስቸግሪ። ደግሞ በሶውን በደንብ የታመሰ ገብስ አድርጊው፣ ጥሬ የቀረበት ሆድ ይነፋል።

የመንዝ እግር — ግንቦት 12

እናቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ጠዋት ጤና ኬላ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ እናቴም ጻድቃኔ ሄዳለች፣ አብራችሁ ትሆኑ ይሆን እያልኩ ነበር።

ወንድሜ ቀይት፣ ገንዘቡ የእህቴ ነው። ሌሊት የሰው እናት አገላብጣ፣ አጥባ ያገኘችው። ላም ሳትገዛልኝ ቀርታ አይደለም፣ ከሦስት ዓመት በፊት ላም ገዝታልኛለች። አሁን የሰጠችኝ ሰባት ቀን ነው። እምቢ ብላት የማሳዝነው እሷን ነው፣ እኔም ራሴን አልወድም።

ጣርማ በር እህቴ፣ የመጨረሻውን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤቴንም አስነበብኩት። እሱም አነበበና "አንቺስ ትዞሪያለሽ?" አለኝ። የዚያን ቀን የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ስድስት ዓመት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ጫማዬን ቀለም ቀባው።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ሳውና የሚባል የሙቀት ክፍል አለ ብላኛለች እህቴ፤ ልብስ አውልቀው ነው የሚገቡት? እኔ በሰው ፊት አልለመድኩም። ደግሞ ወር አበባዬ በዚያ ሳምንት ይመጣል። ሥራዬ ስለሆነ ሴቶችን እንዴት እንደሚይዙት ሳስተምር ኖሬአለሁ፣ ተራራ ላይ ግን ሞዴሱ የት ይጣላል?

ጣርማ በር — ግንቦት 12

ሳውናው አለ፤ አሌስያውሬ ላይ ያለው ሐይቁን ያያል። የሴት ሰዓት፣ የወንድ ሰዓት፣ የጋራ ሰዓት እየተባለ ይከፈላል፤ እናንተ በሴት ሰዓት ትገባላችሁ። አዎ፣ ልብስ አውልቀው ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ፎጣ ታጥቄ ገባሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም። እንደገባሽ እዪው፣ ካልተመቸሽ ውጪ። ለጉልበትሽ ግን እንደ እሱ ያለ አይገኝም።

ሞዴሱ መንገድ ላይ አይጣልም፣ አይቀበርም። ወፍራም ጥቁር ፌስታል ያዢ፣ ሁለቱን ደራርበሽ፤ ቆሻሻ መጣያ ያለው ጣቢያ እስክትደርሺ ሻንጣሽ ውስጥ ይሄዳል። ወንድ ያለበት ጉዞ ላይ ይህን በሹክሹክታ ነበር የምንጠያየቀው፤ በሴቶቹ ግን መሪያችን በመጀመሪያው ማታ እራት ላይ ተናግራ ጨረሰችው። ይህንንም ለልዩነቱ ጨምሪልኝ።

ሲመሽ አትደንግጪ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ የምትገባው ማታ አራት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከዚያም ወዲያው አይጨልምም። የዓይን መሸፈኛ ያዢ። ትንኝ ከሐምሌው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፣ ነጠላሽ እሱን ለመከላከል ይጠቅምሻል።

የመንዝ እግር — ሐምሌ 4

ቪዛው መጣ። በረራዬ ሐምሌ 26 ነው።

የንስሐ አባቴ በመንገድ ላይ ላለሁባቸው ቀናት ሰዓቱን ትተውልኝ "ከጾም ምግብ አትውጪ፣ ድገሚ፣ ስትመለሺ ቅዳሴ ግቢ" ብለውኛል። ገብሱን እናቴ ናት ያመሰችው፤ ሦስት ኪሎ በሶ፣ አንድ ኪሎ ሽሮ። የጓሳ ልጅ ባለኝ መሠረት ከግንቦት ጀምሮ ሻንጣውን ይዤ ስሄድ ከረምኩ። መንገድ ላይ "የት ልትሄጂ ነው?" የማይለኝ ሰው የለም። አንዲት የማክማት እናት ልጇን አዝላ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ፤ እሷ ባለችበት ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ቆምኩ። እስከ ጭኔ። ሞፈር ውሃ አይደለም፣ ትንሽ ጅረት ናት፣ ግን ክረምት ነው፣ ትገፋለች። ማሰሪያውን ፈትቼ ነበር።

ትናንት ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ ሸከፍኩትና ጤና ኬላው ውስጥ በሕፃናት ሚዛን ላይ ሰቀልኩት። 11 ኪሎ ከ200። የሥራ ባልደረባዬ "ይሄ ልጅ ስንት ወሩ ነው?" አለችኝ። ፎጣውንና አንዱን ቀሚስ አወጣሁ፤ 10 ኪሎ ከ300 ሆነ። በሶውን አልነካሁትም።